ለላዳዬ ማኒፎልድ ራሴ ልሥራ?

ጥያቄ፦ «ላዳ 2107 አለኝ። ሞተሩ 1.5 ሊትር ነው፣ ካርቡራተሩም የራሱ ነው። ዳገት ላይ ጉልበት የለውም፤ ወደ እንጦጦ ስወጣ በሁለተኛ ማርሽ እየለመንኩት ነው። ቪዲዮ ላይ ሰዎች ከሣጥንና ከአራት ቀጥ ያሉ ቱቦዎች ማኒፎልድ፣ ማለትም አየሩን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለውን ክፍል፣ ሲሠሩ አያለሁ። እኔም በ50 ሚሊ ሜትር ጋልቫናይዝድ የውሃ ቧንቧና አምስት ሊትር በሚይዝ የላሜራ ሣጥን ልሠራ አስቤያለሁ። ካርቡራተሩን ሣጥኑ ጫፍ ላይ አስረዋለሁ። በያጅ ጓደኛ አለኝ። የቱቦው ርዝመት ስንት ይሁን? ስንት የፈረስ ጉልበትስ እጨምራለሁ?»

ምላሽ፦ ይህን ንድፍ አትበይደው። ርዝመቱን ወረድ ብዬ እነግርሃለሁ፤ ችግሩ ያለው ግን ርዝመቱ ላይ አይደለም። ቪዲዮ ላይ ያየኸው ማኒፎልድና ያንተ ሞተር የሚፈልገው ማኒፎልድ ለየቅል ናቸው።

በሣጥን የሚሠሩት ማኒፎልዶች ኢንጄክሽን ላላቸው ሞተሮች ናቸው። እዚያ በሣጥኑና በቱቦው የሚያልፈው አየር ብቻ ነው። ቤንዚኑ የሚረጨው ቱቦው መጨረሻ ላይ፣ ቫልቩ አጠገብ ነው። ያንተው ግን ካርቡራተር ነው። ቤንዚኑ ከአየሩ ጋር የሚቀላቀለው ገና ከመነሻው ነው። ከዚያ እስከ ቫልቩ ድረስ በጠብታ መልክ አየሩ ላይ ተንሳፍፎ መድረስ አለበት። ጠብታውን ይዞት የሚሄደው የአየሩ ፍጥነት ነው። ፍጥነቱ ሲወርድ ቤንዚኑ እንደ ጀበና አተላ ታች ይዘቅጣል።

እስቲ እናስላው። የ1.5 ላዳ ሲሊንደር 76 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ፒስተኑ ደግሞ 80 ሚሊ ሜትር ይመላለሳል። በደቂቃ 2,000 ዙር ላይ፣ ማለትም ዳገቱን ስትጀምር፣ ፒስተኑ በአማካይ በሰከንድ 5.3 ሜትር ይሄዳል። የቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጋው ክፍል) የአየር መግቢያ ቀዳዳ 30 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ሲሊንደሩ ሙሉ ለሙሉ ይሞላል ብለን እናስብ። በ30 ሚሊ ሜትር ቱቦ ውስጥ አየሩ በሰከንድ 34 ሜትር ገደማ ይሮጣል። በ50 ሚሊ ሜትሩ የውሃ ቧንቧህ ግን 12 ሜትር ብቻ ነው። ጉልበት አጣሁ ባልክበት ዙር ላይ ፍጥነቱን ከግማሽ በታች አወረድከው ማለት ነው። ቱቦ ሲሰፋ አየር ይጨምራል የሚለው ነገር የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። የቱቦው ጫፍ 50 ቢሆንም አየሩ መጨረሻ ላይ የሚያልፈው በዚያው በ30 ቀዳዳና በ37 ሚሊ ሜትር ቫልቭ ነው። ስፋቱ ምንም ሳይሰጥህ ፍጥነቱን ብቻ ይወስድብሃል።

ከዚያ የሚመጣውን ልንገርህ። ጠዋት ሞተሩ አልነሳም ይላል። ሚኒሞው፣ ማለትም ሳትረግጥ የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር፣ ይዋዥቃል። ሣጥኑ ውስጥ የተጠራቀመው ቤንዚን መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ወደ አንዱ ሲሊንደር ይደፋል፤ መኪናው ይታነቃል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። በፈሳሽ መልክ የገባው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የዘይት መለኪያውን ስታወጣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ካርቡራተሩ ጫፍ ላይ ስለታሰረ ደግሞ አንደኛው ሲሊንደር ጠግቦ አራተኛው ይራባል። የላዳ የእሳት ተራ 1-3-4-2 ነው። ከ3 ቀጥሎ 4፣ ከ2 ቀጥሎ 1 ይስባል። ጎረቤታሞቹ ተከታትለው ስለሚስቡ አንዱ የሌላውን ይነጥቃል። የተራበው ሲሊንደር ከመጠን በላይ ይሞቃል፤ ዳገት ላይ ረግጠህ ስትይዘው ፒስተን ሊበሳ ይችላል።

ይህ ሁሉ ቢቀር እንኳ አንድ ነገር ብቻውን ያስቆምህ። አምስት ሊትር የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ኮፈንህ ስር ታሽጎ ይቀመጣል። ሞተሩ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ቢተኩስ፣ ላዳ ደግሞ ይተኩሳል፣ ያ ላሜራ ይፈነዳል። ከስሩ ያለው ደግሞ የጋለ የጭስ ማኒፎልድ ነው። በዚህ ሞተር ማስገቢያውም ማስወጫውም የቴስታታው አንድ ጎን ላይ ናቸው። ከላይ የሚያፈስ ቤንዚን ቀጥታ እሳት ላይ ይንጠባጠባል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ላዳህ የደከመው ማኒፎልዱ ጠቦት አይመስለኝም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ፋብሪካው 75 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚህ አዲስ ቢሆን እንኳ 57 አካባቢ ነው። እንጦጦ 3,000 ሜትርን ሲያልፍ ከዚያም ላይ ይቀነሳል። ይህን በማኒፎልድ አትመልሰውም። በትክክል የተሠራ፣ የተለካ፣ ተስተካክሎ የተገጠመ ማኒፎልድ በከፍተኛ ዙር ላይ ጥቂት ፈረስ ይሰጥሃል። ዳገት ላይ በምትነዳበት ዝቅተኛ ዙር የሚሰጥህ ምንም ላይሆን ይችላል፤ እንዲያውም ሊቀንስብህ ይችላል።

ማስተካከል የምትችለው ነገር ግን አለ። ካርቡራተር የአየሩን መሳሳት አያውቅም። ለባሕር ወለል የተለካ ካርቡራተር አዲስ አበባ ላይ ቤንዚኑን ከ10 በመቶ በላይ ያበዛል። ካንዴላ (ብልጭታ የሚሰጠውን) ፍታና እይ። ጫፉ ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ መልሱን አገኘኸው። በ2107 ካርቡራተር ላይ የመጀመሪያው በር ዋና ጄት (ቤንዚኑ ተለክቶ የሚያልፍበት) ብዙ ጊዜ 112 ነው፤ ቀዳዳው 1.12 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የሁለተኛው 150 ነው። ለዚህ ከፍታ የመጀመሪያውን ወደ 107፣ ከዚያ ካንዴላውን እያየህ ወደ 105 አውርደው። ሁለተኛውን 140 አካባቢ አድርገው። ጄቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ግን አትመን። አንዱ መካኒክ ድሮ «ይጠጣለት» ብሎ በሽቦ አስፍቶት ሊሆን ይችላል። አጉሊ መነጽር ይዘህ ቀዳዳውን ተመልከት። ጠርዙ ክብ ካልሆነ ጣለውና ሌላ ግዛ።

እሳቱንም፣ ማለትም ካንዴላው የሚተኩስበትን ጊዜ፣ ከፋብሪካው ልክ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ማስቀደም ትችላለህ። ስስ አየር ቀስ ብሎ ስለሚነድ ሞተሩ ይሸከመዋል። ዳገት ላይ ረግጠህ የመንኳኳት ድምፅ ከሰማህ መልሰው። ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ የምትወርድ ከሆነ ግን የድሮውን ጄት ይዘህ ሂድ፤ እሳቱንም ወደ ቦታው መልስ። ለአዲስ አበባ የተቀነሰ ጄት ቆላ ላይ ቤንዚን ያሳንሳል፤ በቆላ ሙቀት ላይ ደግሞ ይህ ፒስተን ያቃጥላል።

የኮምፕሬሽን ልኬትም፣ ማለትም ሲሊንደሩ አየሩን ምን ያህል እንደሚያምቅ፣ አስለካ። እዚህ ላይ ብዙ ጤነኛ ሞተር በስህተት «አልቋል» ይባላል። መጽሐፉ 11 ወይም 12 ባር የሚለው ለባሕር ወለል ነው። አዲስ አበባ ላይ 8.5 ወይም 9 ቢያነብ ሞተሩ ደህና ነው። የሚያሳስበው በሲሊንደሮቹ መካከል ከ1 በላይ ልዩነት ካለ ነው።

አንድ ሥራ ደግሞ በራስህ ማኒፎልድ ላይ አለ፤ እጅህን ለማፍታታት ይሆንሃል። ማኒፎልዱን ፍታና አዲሱን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያውን) ቴስታታው ላይ ሰክተህ በቀዳዳዎቹ በኩል እይ። ብዙ ጊዜ የጓርኒሲዮኑ ጠርዝ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ቀዳዳው ገብቶ ታገኘዋለህ። ያ ጠርዝ አየሩን ያግዳል፤ ቤንዚኑንም እዚያው ይሰበስባል። በስለት ቁረጠው። ከዚያ ጓርኒሲዮኑን ማኒፎልዱ ላይ አድርገህ የቀዳዳውን ዙሪያ በሹል ብረት አስምር። ማኒፎልዱ ወደ ውስጥ ከገባ በሊማ አስተካክል፣ ሌላ ነገር አትንካ። ወለሉን መስታወት አስመስዬ ልወልውል እንዳትል። በካርቡራተር ሞተር ትንሽ ሻካራ ግድግዳ ይሻላል፤ ቤንዚኑ ተጣብቆ እንዳይፈስ ይረዳል።

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም መሥራት ካማረህ፣ መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ጉሮሮ መስጠት ነው። በጎን የሚተኙ ባለሁለት ጉሮሮ ካርቡራተሮች፣ እንደ ዌበር 40 ያሉት፣ ሁለት ይገጠማሉ። ሣጥን የለም። አራት አጫጭር ቱቦ ብቻ ነው፤ ለመበየድ ቀላል ነው። ከባዱ ካርቡራተሮቹን ማግኘትና ማስማማት ነው፤ ሁለቱ እኩል እንዲስቡ ማድረግ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሁለተኛው መንገድ ኢንጄክሽን ማስገባት ነው። ያኔ ሣጥኑ ትርጉም ይኖረዋል። ነገር ግን ሥራው የብየዳ ብቻ አይሆንም፤ ፓምፑ፣ ኮምፒውተሩ፣ ሴንሰሮቹና ማስተካከያው ሁሉ አብረው ይመጣሉ።

የጠየቅከው ርዝመት ለዚህ ለሁለተኛው ነው። ቫልቩ ሲዘጋ ቱቦው ውስጥ የነበረው አየር ይጋጫል፤ የግፊት ሞገድ ይፈጠርና በቱቦው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ቫልቩ እንደገና ሲከፈት ሞገዱ በግፊቱ ጎን ከደረሰ አየሩን ወደ ውስጥ ይገፋልሃል። የላዳው የማስገቢያ ቫልቭ ከ720 ዲግሪ 232ቱን ክፍት ነው፤ 488ቱን ዝግ ነው። በደቂቃ 5,000 ዙር ላይ ይህ 16 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። በዚያ ጊዜ ድምፅ 5.6 ሜትር ያህል ይጓዛል። አንዱ ጫፉ ዝግ በሆነ ቱቦ አንድ ሙሉ ዑደት የቱቦውን ርዝመት አራት ጊዜ ነው። አራት ዑደት ከፈለግክ 5.6ን ለ16 ታካፍላለህ፤ 35 ሴንቲ ሜትር። ሦስት ዑደት ከሆነ 47 ሴንቲ ሜትር፤ ሞገዱ ይበረታል፣ ቦታ ግን ይፈጃል። በ4,000 ዙር እንዲያግዝህ ከፈለግክ ያው አራት ዑደት 44 ሴንቲ ሜትር ይጠይቃል። ይህ ርዝመት ከቫልቩ መቀመጫ እስከ ቱቦው አፍ ነው። ቴስታታው ውስጥ ያለውን በሽቦ ለካና ቀንስ። ከፍታው ይህን ስሌት አይነካውም፤ የድምፅን ፍጥነት የሚቀይረው ሙቀት እንጂ የግፊት መቀነስ አይደለም። ስሌቱ ግን መነሻ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ወዲያ ወዲህ ቢል አትጨነቅ።

ቱቦው አፉ ላይ ከ34 እስከ 36 ሚሊ ሜትር ሆኖ ወደ 30 እየጠበበ ይግባ። አፉን ቀጥ አድርገህ ቆርጠህ አትተወው። ቶርኖ ቤት ወስደህ ጠርዙ ወደ ውጭ የተከፈተ ቀለበት አስቆርጥና በይድበት። አየር በስለታም ጠርዝ ላይ ሲታጠፍ ይቀደዳል፤ ይህ ትንሽ ቀለበት ከቱቦው ርዝመት ያላነሰ ጥቅም አላት። ሣጥኑ ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ይብቃው። አምስት ሊትር ለ1.5 ሞተር ብዙ ነው፤ ነዳጅ ስትረግጥ ሞተሩ ዘግይቶ ይሰማል።

ጋልቫናይዝዱን እርሳው። ሲበየድ ዚንኩ ይተናል። ያን ነጭ ጭስ የሳበ ሰው ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። ቧንቧው ውስጥ የሚቀረው ቅርፊትም ቀስ በቀስ እየተላጠ ሞተር ውስጥ ይገባል። በአልሙኒየም ሥራው፣ በአርጎን። ጓደኛህ አልሙኒየም በይዶ የሚያውቅ መሆኑን ጠይቅ፤ ብረት በያጅ ሁሉ አልሙኒየም አይበይድም። ቱቦውና ሣጥኑ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኑራቸው። ከመበየድህ በፊት በአሴቶን አጽዳው፣ ለአልሙኒየም ብቻ በተለየ የማይዝግ ሽቦ ብሩሽ ፈግፍገው። ክሎሪን ባለው የፍሬን ማጽጃ በፍጹም አታጽዳው። የብየዳው ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው ገዳይ ጋዝ ይሠራል።

ቴስታታው ላይ የሚያርፈውን ፍላንጅ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው አልሙኒየም አስቆርጥ። እዚህ ላይ ላዳን የማያውቅ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የማስገቢያውና የጭሱ ማኒፎልድ በጋራ ብሎኖች ይታሰራሉ፤ አንዱ ወፍራም ቀለበት ሁለቱንም ይጫናል። ያንተ ፍላንጅ ከጭሱ ማኒፎልድ ጆሮ በግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ ቢበልጥ ወይም ቢያንስ ቀለበቱ ያዘነብልና አንደኛውን ብቻ ይይዛል። ሌላው ያፈስሳል። ስለዚህ መጀመሪያ የጭሱን ጆሮ ለካ፤ የፍላንጅህ ጠርዝ እዚያ ቦታ ላይ በዚያው ልክ ይሁን። ዳዶውን ከ20 እስከ 25 ኒውተን ሜትር፣ ከመካከል ወደ ዳር እያልክ እሰር።

አልሙኒየም ሲበየድ ይጣመማል። ፍላንጁን ወፍራም ብረት ላይ ወይም ያለቀ ቴስታታ ላይ በብሎን ወጥረህ በይድ፤ እስኪበርድም አትፍታው። ከዚያ ፍሬዛ ላይ ፊቱን አስልጥ። ቀጥ ያለ ብረት ስታሳርፍበት 0.1 ሚሊ ሜትር ላሜራ የሚያስገባ ክፍተት ካለ ገና ነው። የሣጥኑን ሰፊ ጠፍጣፋ ጎን ክብ አድርገው ወይም ከውጭ ጎድን በይድበት። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ሣጥኑን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ስትረግጥ ይለቀዋል። ያ መተጣጠፍ ብየዳውን ይሰነጥቀዋል።

ሲያልቅ ውስጡን በጣትህ ዳስስ። የምትነካው የብየዳ ፍንጣሪ ሁሉ ይውጣ። አንዲት የአልሙኒየም ፍሬ ከቫልቩ ስር ገብታ ቴስታታ ታስወርድሃለች። እጠበው፣ በአየር ንፋው፣ እንደገና እጠበው። ከዚያ ቀዳዳዎቹን በላስቲክና በብረት ዝጋና የሳሙና ውሃ እየቀባህ ፈትሽ። ግፊቱ ከ0.5 ባር አይለፍ። ትንሽ ቁጥር ትመስላለች፤ 20 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎን ላይ ግን 300 ኪሎ ያህል ትገፋለች። ፊትህን አታስጠጋ።

ሁለት ቱቦ እንዳትረሳ። አንዱ የፍሬን ሰርቮው (የፍሬን ጉልበት አጋዡ) ቱቦ ነው። የድሮው ማኒፎልድ ላይ የነበረውን ያህል ሰፊ መያዣ አዲሱ ላይም ይኑር። ከሣጥኑ የሚወጣ፣ ለአንዱ ቱቦ ብቻ ያልተሰጠ ይሁን፤ ቱቦውም ጭሱን አይንካ። ይህ ቢያፈስ የፍሬን ፔዳሉ ድንጋይ ይሆንብሃል፤ ይህን ደግሞ ከእንጦጦ ስትወርድ ማወቅ አትፈልግም። ሌላው የውሃው ነው። የላዳ ማኒፎልድ በራዲያተር ውሃ ይሞቃል። አዲሱ የውሃ መንገድ ከሌለው ሁለቱን ጎማዎች አገናኛቸው እንጂ አትድፈናቸው። በካርቡራተሩ መንገድ ከሄድክ ግን ሙቀቱን ማጣት ያስከፍልሃል። በክረምት ጠዋት አየሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ሲሆን ካርቡራተር ጉሮሮ ላይ በረዶ ይይዛል፤ መኪናው መንገድ ላይ ይጠፋብሃል።

ምክሬ ግልጽ ነው ወንድሜ። ላዳህ ካርቡራተር እስከሆነ ድረስ የፋብሪካውን ማኒፎልድ አትቀይር። ጄቱን፣ እሳቱን፣ ጓርኒሲዮኑን አስተካክል። ዳገት ላይ ጉልበት ካስፈለገህ ደግሞ ገንዘብህን ዲፈረንሻል ላይ አውጣ። የ2107 ዲፈረንሻል የጥርስ ምጣኔው ብዙ ጊዜ 3.9 ወይም 4.1 ነው። የድሮው የ2101 ላዳ ግን 4.3 ነው። ካንተው 3.9 ወደ 4.3 ብትሄድ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት በ10 በመቶ ያድጋል፤ በሁሉም ማርሽ፣ በሁሉም ዙር። ከ4.1 ከሆነ 5 በመቶ ያህል ነው፤ ያኔ ላትደክምበት ትችላለህ። ከመግዛትህ በፊት ክዳኑን አስከፍትና ጥርሱን ቁጠር። 43 በ11 ከሆነ 3.9 ነው፤ 41 በ10 ከሆነ 4.1፤ 43 በ10 ከሆነ የምትፈልገው ነው። በቀጥታ መንገድ ላይ ሞተሩ ከፍ ባለ ዙር ይጮኻል፣ ቤንዚንም ትንሽ ይጨምራል። ፍጥነት መቁጠሪያው የሚነዳው ከካምቢዮው ስለሆነ ከእውነተኛው ፍጥነት አብልጦ ማንበብ ይጀምራል፤ የእሱንም ትንሽ ጥርስ አብረህ አስቀይር።